ዕድሜ ጠገብ ጊታሮች ለምን እንዲህ ይወደዳሉ?

በ2019 አጋማሽ ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ጥቁር የኤሌክትሪክ ጊታር ለጨረታ አቀረበ። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ ጊታሪስት ዴቪድ ጊልሞር በ1970 እዚያው ኒው ዮርክ ከአንድ ሱቅ የገዛው፣ የፌንደር ፋብሪካ ሥራ የሆነ ስትራቶካስተር የተባለ ጊታር ነው። ቀለሙ እዚህም እዚያም ተላልጧል፤ አንገቱ በየጊዜው ተቀያይሯል፤ አካሉ ለሙከራ ተፈልፍሎ መልሶ ተደፍኗል። ይህ ጊታር 3,975,000 ዶላር ተሸጠ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ዋሽንግተን ፖስት የኤሌክትሪክ ጊታር ቀስ በቀስ እየሞተ ነው የሚል ረጅም ዘገባ አውጥቶ ነበር። በአሜሪካ በዓመት የሚሸጠው የኤሌክትሪክ ጊታር በአሥር ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ወደ አንድ ሚሊዮን ከጥቂት ዝቅ ማለቱን ዘገባው በማስረጃነት ጠቅሷል።

እየሞተ ነው የተባለ ዕቃ እንዴት በሚሊዮኖች ይሸጣል? ብዙ ሰው መልሱን በሁለት ቃል ይቋጨዋል፤ ወይ "የሀብታሞች ናፍቆት ነው" ይላል፣ ወይ "እንጨት እንደ ወይን ጠጅ ሲቆይ ይጣፍጣል" ይላል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ ነገሩ ግን ከዚያ ሰፋ ይላል። (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

"ቪንቴጅ" ሲባል ምን ማለት ነው?

አሮጌ ሁሉ ቪንቴጅ አይደለም። አንዳንዶች ሠላሳ ዓመት የሞላውን ጊታር በሙሉ በዚህ ስም ይጠሩታል፤ በወዳጆቹ ዘንድ ግን ቃሉ የሚያመለክተው የተወሰኑ ሠሪዎችን የተወሰኑ ዓመታት ሥራ ነው። በአኩስቲክ ጊታር፣ ማለትም ያለ ኤሌክትሪክ በእንጨት ሳጥኑ ብቻ በሚያስተጋባው፣ በ1833 የተመሠረተው ማርቲን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሠራቸው ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። በኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ጊብሰን በ1950ዎቹ፣ ፌንደር ከ1950 እስከ 1965 ያመረቷቸው ናቸው።

ለምን 1965? በዚያ ዓመት ጥር ወር ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ያቋቋመውን ፋብሪካ ሲቢኤስ ለተባለው የብሮድካስት ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው በብዛት ማምረት ላይ ስላተኮረ የሥራው ጥራት ቀስ በቀስ ወረደ የሚል ቅሬታ ተነሣ፤ በ1970ዎቹ የተሠሩት በተለይ ይወቀሱበታል። ስለዚህ ሰብሳቢዎች "ከሲቢኤስ በፊት" እና "ከሲቢኤስ በኋላ" እያሉ ዘመን ይከፍላሉ። ድንበሩ ግን እነርሱ እንደሚያሰምሩት ጥርት ያለ አይደለም። በ1964 መጨረሻና በ1965 መጀመሪያ እዚያው ፋብሪካ የነበሩት ሠራተኞች፣ እንጨቱም፣ ማሽኑም ያው ነበር።

ያኔም እንዲህ ይወደዱ ነበር?

አይደለም፤ የነገሩ ቁልፍም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ከ1958 እስከ 1960 የተሠራው ጊብሰን ሌስ ፖል ነው። በዘመኑ ግን ገበያ የራቀው ጊታር ነበር።

ጊብሰን ሌስ ፖልን በ1952 በወርቃማ ቀለም ለገበያ አወጣው። በ1957 ሴዝ ላቨር የተባለው የድርጅቱ መሐንዲስ የፈጠረው አዲስ ፒካፕ ተገጠመለት። ፒካፕ ከክሮቹ ሥር የሚቀመጥ፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ማግኔት ነው፤ የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠርና ወደ ድምፅ ማጉያው፣ ወደ አምፕሊፋየር፣ ይሄዳል። የቀድሞዎቹ ፒካፖች አንድ ጥቅል ብቻ ስለነበራቸው በአካባቢው ካሉ የኤሌክትሪክ መስመሮችና መብራቶች የሚመጣውን እምምታ ሁሉ ይለቅሙ ነበር። ላቨር ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ አቀናጅቶ እምምታው እርስ በርሱ እንዲጣፋ አደረገ። ድምፁም ወፍራምና ኃይለኛ ሆነ።

ገዢ ግን አልመጣም። በ1958 ጊብሰን ወርቃማውን ቀለም ትቶ፣ ከጠርዙ ቀይ ሆኖ ወደ መሃሉ ቢጫ እየሆነ የሚሄድ፣ የሜፕል እንጨቱን ውበት የሚያሳይ አሳላፊ ቀለም ቀባው። ይህም አልረዳውም። በሦስቱ ዓመታት የተሠሩት በጠቅላላው 1,500 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። በ1961 ድርጅቱ ቅርጹን ጭራሽ ለውጦ ሌላ ጊታር አወጣ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ከዚያ የእንግሊዝ ወጣቶች መጡ። የሮሊንግ ስቶንሱ ኪት ሪቻርድስ በ1964 ከእነዚህ ጊታሮች አንዱን ይዞ ታየ። በ1966 ደግሞ ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ከብሉዝ ሙዚቀኛው ከጆን ሜዮል ጋር ሲቀዳ ሌስ ፖሉን ከማርሻል አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲነዳ ድምፁ ይሻክራል፣ ይረዝማል፣ እንደ ሰው ጉሮሮ ይጮኻል። ጊታሩ የተሠራው ለዚህ አልነበረም፤ ሠሪዎቹ የፈለጉት ንጹሕና ለስላሳ ድምፅ ነው። ጊታሩ ቀድሞ ተሠራ፣ ድምፁ በኋላ ተገኘ። ያን ድምፅ የፈለገ ሁሉ ምርቱ የቆመውን ጊታር ፍለጋ ወጣ፤ ጊብሰንም በ1968 ሌስ ፖልን እንደገና ለማምረት ተገደደ።

አንድ ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው ቀይ ማቅለሚያ የፀሐይ ብርሃንን አይችልም ነበር። በሱቅ መስኮት የከረመው ጊታር ቀዩ ጠፍቶ ቢጫ ሆነ፤ አልጋ ሥር በሣጥኑ የተቀመጠው ቀይነቱን ጠበቀ። ስለዚህ ዛሬ ከፋብሪካው አንድ ዓይነት ሆነው ከወጡት ጊታሮች አንዱ የሎሚ፣ ሌላው የሻይ፣ ሌላው የማር ቀለም አለው፤ ሰብሳቢዎችም በዚሁ ስም ይጠሯቸዋል። የማቅለሚያው ድክመት እያንዳንዱን ጊታር የራሱ መልክ ያለው አድርጎታል።

እውነት አሮጌው የተሻለ ድምፅ ይሰጣል?

የክርክሩ ሁሉ እምብርት ይህ ነው።

ከእንጨቱ እንጀምር። እንጨት ሲቆይ በውስጡ ካሉት ውህዶች አንዳንዶቹ ቀስ በቀስ ይፈርሳሉ፤ እንጨቱ ይቀላል፣ ከአየር የሚስበው እርጥበትም ይቀንሳል። ከበሮ ቆዳው ሲረጥብ ድምፁ እንደሚታፈን፣ በደንብ ሲደርቅ እንደሚጠራ ዓይነት ነው። ስለዚህ የአኩስቲክ ጊታር የፊት ሰሌዳ በዓመታት ውስጥ ይለወጣል ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም። ዛሬ አንዳንድ ሠሪዎች አየር በማይገባበት ምድጃ እንጨቱን በከፍተኛ ሙቀት "በማብሰል" ይህን ለውጥ በሰዓታት ውስጥ ለማምጣት ይሞክራሉ።

በኤሌክትሪክ ጊታር ግን የድምፁ ዋና ምንጭ ክሩና ፒካፑ ስለሆነ የእንጨቱ ድርሻ አነስ ይላል። የ1950ዎቹ ፒካፖች ምስጢር ደግሞ ምስጢር አይደለም፤ የሰው እጅ ነው። በፌንደር ፋብሪካ ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ከፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ በጣታቸው እየመሩ በማግኔቶቹ ዙሪያ ስምንት ሺህ ጊዜ ገደማ ያጠቀልሉ ነበር። አንዷ ጠበቅ፣ ሌላዋ ላላ ታደርገዋለች፤ አንዳንዱ ጥቂት መቶ ዙር ይበዛል፣ ሌላው ይጎድላል። ሁለት ፒካፖች አንድ ዓይነት ሆነው አይወጡም። አንዳንዱ በአጋጣሚ ድንቅ ይሆናል፤ ሌላው ተራ ይሆናል።

ይህ ወደ አንድ ብዙ ጊዜ ወደሚዘነጋ ነጥብ ይወስደናል። በ1950ዎቹም መጥፎ ጊታር ይሠራ ነበር። መጥፎው ግን ተሰበረ፣ ተጣለ፣ ለሕፃናት መጫወቻ ሆነ። ጥሩውን ባለቤቱ ሳስቶለት ጠበቀው፣ አሳደሰው፣ ለልጁ አወረሰው። ዛሬ እጃችን የገቡት በዘመን ወንፊት ተነፍተው የቀሩት ናቸው። እነርሱን አይተን "የድሮ ሥራ ሁሉ እንዲህ ነበር" ብንል እንሳሳታለን።

በጆሮ ብቻ የተደረገ ሙከራስ ምን ይላል? ዝነኛው በቫዮሊን ላይ የተካሄደው ነው። በ2010 ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ 21 ቫዮሊን ተጫዋቾች ምን እንደያዙ እንዳያዩ ተደርገው፣ ሦስት አዳዲስና ሦስት ጥንታዊ ቫዮሊኖችን ሞከሩ፤ ከጥንታዊዎቹ ሁለቱ የዝነኛው ጣሊያናዊ ቫዮሊን ሠሪ የስትራዲቫሪ ሥራዎች ነበሩ። አብዛኞቹ የመረጡት አዲስ ቫዮሊን ሲሆን፣ ከሁሉ ያነሰ ምርጫ ያገኘው ከስትራዲቫሪዎቹ አንዱ ሆነ። በጊታር በኩል የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያሳተሙት ጥናት አለ። የጀርባና የጎን እንጨታቸው ብቻ የሚለያይ ስድስት አኩስቲክ ጊታሮች ተሠርተው 52 ጊታሪስቶች ሳያዩ ገመገሟቸው፤ ውድ በሆነውና በርካሹ እንጨት መካከል የሰጡት ደረጃ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

እንዲህ ከሆነ የሚወዱት ሁሉ ተታለዋል ማለት ነው? እኔ እንደዚያ አላየውም። ጊታር የሚሰማው በጆሮ ብቻ አይደለም፤ በእጅም ነው። ለስድሳ ዓመት የተጫወቱበት አንገት ጠርዙ በመዳፍ ተሟሽቶ ይለሰልሳል፤ የጣት ሰሌዳው ጣት በሚያዘወትርበት ስፍራ ጎድጎድ ይላል፤ በእንጨቱ ላይ የተቀባው አንጸባራቂ ሽፋን፣ ላከሩ፣ ከብርድና ከሙቀት መፈራረቅ የተነሣ እንደ ደረቀ የወንዝ አፈር በቀጫጭን መስመሮች ይሰነጣጠቃል። የቆየውን ሣጥን ሲከፍቱ የሚወጣው የአሮጌ እንጨትና የላከር ሽታ ብቻውን ሰውን ቁጭ ብሎ እንዲጫወት ያደርገዋል። ደስ ብሎት የሚጫወት ሰው ደግሞ የተሻለ ይጫወታል። ይህ በመለኪያ መሣሪያ ባይገኝም ለተጫዋቹ እውነት ነው።

ዋጋውን የሚወስነው ምንድን ነው?

ለአብዛኞቹ ጊታሮች ዋናው መመዘኛ "ኦሪጅናል" መሆን ነው፤ ማለትም ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ቀለም፣ ፒካፕ፣ ማስተካከያ ቁልፍና ብሎን ሳይቀየር መገኘቱ። እንደገና የተቀባ ጊታር ቀለሙ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ዋጋው በግማሽ ገደማ ይወርዳል።

ይህን የሚያጣሩ ባለሙያዎች የሚሠሩት እንደ ወንጀል መርማሪ ነው። ተከታታይ ቁጥሩ ብቻውን አያሳምናቸውም። ሽፋኑን ይፈቱና ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ የተቀረጸውን ቁጥር ያነባሉ። ለምሳሌ 1376612 የሚል ቢያገኙ፣ 137 ክፍሉን የሠራው ድርጅት መለያ ነው፤ 66 ዓመቱን፣ 12 ሳምንቱን ይነግራቸዋል። ክፍሉ የተሠራው በ1966 አሥራ ሁለተኛ ሳምንት ከሆነ ጊታሩ በ1962 ሊሠራ አይችልም፤ ወይ ክፍሉ ተቀይሯል፣ ወይ ሻጩ ዋሽቷል። ብየዳው ተነክቶ እንደሆነ ይመረምራሉ። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አሮጌ ላከር ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብርሃን ስለሚሰጥ፣ በኋላ የተቀባው ስፍራ እንደ ጥላ ጎልቶ ይታያል።

ታዲያ ያ ተፈልፍሎ የተደፈነው የጊልሞር ጊታር? እዚያ ሌላ ሚዛን ይገባል፤ የተጫወተበት ሰው። በ2020 የሮክ ባንዱ የኒርቫና መሪ ከርት ኮቤይን በ1993 ለኤምቲቪ ቀረጻ የተጫወተበት የ1959 ማርቲን ዲ-18ኢ 6,010,000 ዶላር ተሸጦ በወቅቱ የጨረታ ክብረ ወሰን ሆነ። የዚህ ዓይነቱ ማርቲን 302 ብቻ ነበር የተሠራው፤ የአኩስቲክ ሰሌዳ ተበስቶ ፒካፕ የተገጠመለት በመሆኑ ከሁለት ያጣ ተደርጎ ይታይ ነበር። ኮቤይንም ግራኝ ስለነበረ ክሮቹን ገልብጦ ለራሱ አስተካክሎታል። በ2025 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተሸጠው የእንግሊዛዊው ጊታሪስት የጄፍ ቤክ ሌስ ፖልም ሲወለድ ወርቃማ የነበረ፣ ኋላ ጠቆር ባለ ቀይ የተቀባ ነው። በተራ ሰው እጅ ቢሆን ጉድለት የሚባለው ነገር በእነዚህ ጊታሮች ላይ የሰውየው የእጅ አሻራ ሆኖ ይቆጠራል።

ሕግም በዋጋው ውስጥ ድርሻ አለው። ለድሮ ጊታሮች የተወደደው የብራዚል ሮዝውድ የተባለው እንጨት ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የብርቅዬ ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ጥብቅ ጥበቃ ስለሚደረግለት፣ ጊታሩን ድንበር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልጋል።

ዋጋው ሁልጊዜ ይጨምራል የሚለው ግን ስሕተት ነው። እስከ 2007 ድረስ ጊታርን እንደ አክሲዮን የሚገዙ ሰዎች ገበያውን አጋግለውት ነበር፤ የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ዋጋው ክፉኛ ወረደ፣ ለማገገምም ዓመታት ፈጀበት።

ጊታር በእውነት እየሞተ ነበር?

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ጊታር ደግሞ ወድቋል የተባለው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስና ቪየና በጊታር ፍቅር አብደው ነበር፤ ፈርናንዶ ሶርና ማውሮ ጁሊያኒ የዚያ ዘመን ኮከቦች ናቸው። ከዚያ ፒያኖው በየሳሎኑ ገብቶ ገፋው። በስፔን አንቶኒዮ ደ ቶሬስ የዛሬውን የክላሲካል ጊታር መጠንና ቅርጽ ሰጥቶ መልሶ አነሣው። በአሜሪካ ባንጆና ማንዶሊን ተራ በተራ ነገሡ፤ ከ1915ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን በኋላ ደግሞ ጭን ላይ አጋድመው የሚጫወቱት የሃዋይ ጊታር አገሩን ሞላው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሪከንባከር ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የተሳካ የኤሌክትሪክ ጊታርም የሃዋይ ዓይነት ነበር፤ ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ መጥበሻ የሚመስል።

የካቲት 9 ቀን 1964 ቢትልሶች በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ሰው አያቸው፤ ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎች የሚጠየቁትን ጊታር ማድረስ አቃታቸው። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ7 የተባለውን ሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ባለ ቁልፍ መሣሪያ፣ ሲያወጣ ጊታር ጊዜው አለፈ ተባለ። በ1991 ኒርቫና መጣና ነገሩ ተገለበጠ።

በ2018 ጊብሰን የኪሳራ ከለላ ሲጠይቅም ብዙዎች "ይኸው!" አሉ። ጊታሩ ግን ትርፋማ ነበር። ድርጅቱን ያሰመጠው በ2014 ከፊሊፕስ የገዛው የድምፅ ማጫወቻ ዕቃዎች ንግድ የከመረበት ዕዳ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰው በወረርሽኝ ምክንያት ቤቱ ሲዘጋ፣ ፌንደር በታሪኩ ከፍተኛውን ዓመታዊ ሽያጭ በ2020 አስመዘገበ። ጊታር የሚያስተምርበት መተግበሪያ ተጠቃሚዎችም ለተወሰነ ጊዜ በነፃ ሲከፈት በሦስት ወር ውስጥ ከ150,000 ወደ 930,000 ደረሱ። ፌንደር በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት በአሜሪካና በእንግሊዝ ከአዳዲስ ጀማሪዎች ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። የ2017ቱ ዘገባ ቁጥሩን አልተሳሳተም። ማዕበሉን ያየው ወደ ኋላ ሲሸሽ ነው።

የአሮጌ ጊታር ፍቅርንና የጊታርን መውደቅ መነሣት ምን ያገናኛቸዋል?

ሰው የሚወደው አሮጌ ጊታር በአብዛኛው ልጅ ሳለ ሲሰማው የኖረውን ነው። የ1950ዎቹን ጊታሮች ዋጋ ሰማይ ያደረሱት በ1960ዎቹ ጎረምሶች የነበሩ ናቸው። አሁን ያ ትውልድ እየሸመገለ ስብስቡን እየሸጠ ነው፤ የዳየር ስትሬትሱ ጊታሪስት ማርክ ኖፕፍለር በ2024 መጀመሪያ ከ120 የሚበልጡ ጊታሮችን ለጨረታ አቅርቦ ከ8 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጡ።

ቀጣዩ ትውልድ ደግሞ የራሱ ፍቅር አለው። ፌንደር በ1958 ጃዝማስተርን ለጃዝ ተጫዋቾች ሠራው፤ እነርሱ ግን አልተቀበሉትም። በ1962 የመጣው ጃጓርም ለጥቂት ዓመታት ከደመቀ በኋላ ተረሳ። በ1980ዎቹ ሁለቱም በአሮጌ ዕቃ ሱቆች አቧራ ለብሰው በርካሽ ይገኙ ነበር። ውድ ጊታር መግዛት ያቃታቸው ወጣቶች እነዚያን አነሡ፤ ከእነርሱም መካከል የሮክ ባንዱ የሶኒክ ዩዝ አባላትና ኮቤይን ነበሩ። የሌስ ፖሉ ታሪክ እንደገና ተደገመ። ዛሬ የ1960ዎቹ ጃዝማስተር ሲገኝ የሚሻሙበት በ1990ዎቹ ጎረምሶች የነበሩት ናቸው።

ቤት ውስጥ አሮጌ ጊታር ቢገኝስ?

አይቀባ፣ አይወልወል፣ ብሎኑም "ዝጓል" ተብሎ አይቀየር። ከማሞቂያ፣ ከፀሐይና ከመኪና የኋላ ሣጥን ይራቅ፤ አየሩ ከመቶ 45 እስከ 50 እርጥበት ቢኖረው እንጨቱ አይሰነጠቅም። ለመጫወት ሲባል መስተካከል ያለበት ነገር ካለ ባለሙያ ይሥራው። የወጣው ክፍል፣ የተሰበረ ቁልፍም ቢሆን፣ በትንሽ ከረጢት ታስሮ ከጊታሩ ጋር በሣጥኑ ኪስ ይቀመጥ።